ሳንባን በባዶ ሃይላንድ

ልጆች ስለ አተነፋፈስ ሲማሩ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ አየር ስለገባ ደረት የሚነፋ ይመስላቸዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ደረት ስለሰፋ ነው አየር የሚገባው። ይህን በቃል ከማስረዳት አንድ ባዶ ሃይላንድ ይበልጣል።

የጠርሙሱን ታች ቁረጡ (መቀሱን አዋቂ ይያዝ)። አንድ ፊኛ ወደ ውስጥ አንጠልጥላችሁ አፉን በጠርሙሱ አፍ ላይ ገልብጡት። ሌላ ፊኛ ከወገቡ ቆርጣችሁ በተቆረጠው በኩል እንደ ከበሮ ቆዳ ወጥሩትና ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉት። የተወጠረውን ወደ ታች ስትስቡት ማንም ሳይነፋው የውስጡ ፊኛ ያብጣል፤ ስትለቁት ይሟሽሻል። የታችኛው ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ)፣ የውስጡ ሳንባ መሆኑ ነው። ካላበጠ አንድ ቦታ አየር ያስገባል፤ እኔን ሁለት ጊዜ ያሳፈረኝ ይኸው ነው። ወናፍ ያየ የገጠር ልጅ ግን ገና ሳትጨርሱ ይገባዋል።

ደብረ ብርሃን ላለን ደግሞ ሌላ ነጻ መሣሪያ አለን፦ ብርዱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ልጁ ደጃፍ ቆሞ "ሃ" ይበል። የሚታየው ጭስ አይደለም፤ ከሳንባ የወጣው እርጥበት በብርዱ ጥቃቅን የውኃ ጠብታ ሆኖ ነው። ከዚያ ሮጦ ይመለስና ትንፋሹን ለ1 ደቂቃ ይቁጠር። አዋቂ ዐርፎ ሲቀመጥ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ስለምትል አየሯ ስስ ነው፤ ከቆላው ሸዋ ሮቢት የመጣ እንግዳ ልጅ ካለ ማን ቀድሞ እንደሚያለከልክ ይታዘቡ። አስም ያለበት ልጅ ሰዓት ይያዝ እንጂ አይሩጥ።