ጸጉር ያለው ጨርቅ እንዴት ይቆረጣል፣ እንዴትስ ይሰፋል?

የከፋይ ቀሚስ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ አንዱ ጎን ደማቅ ቀይ፣ ሌላው ጎን የደበዘዘ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሁለቱም ከአንድ ጥቅል የወጡ ናቸው፤ ቀለሙም አልለቀቀም። አንዱ ቁራጭ ተዘቅዝቆ ተቆርጦ ነው።

ከፋይ፣ ኮርዶሮይ (ጸጉሩ በመስመር በመስመር የቆመ ጨርቅ)፣ አርቲፊሻል ፈር (የእንስሳ ጸጉር የሚመስል ጨርቅ) እና የመሳሰሉት ፊታቸው ላይ ጸጉር አላቸው። ጸጉሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። በተኛበት በኩል ስናየው ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ጨርቁ ፈዘዝ ይላል። የጸጉሩ ጫፍ ወደ እኛ ሲዞር ግን ብርሃኑ በጸጉሮቹ መካከል ገብቶ ይቀራል፤ ቀለሙም ይጠልቃል። ጨዋታው ያለው ሁሉም ቁራጭ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያይ ማድረጉ ላይ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት። ጸጉር የሌለው ጨርቅ ላይ አንዱን ቁራጭ ቀጥ፣ ሌላውን ዘቅዝቆ እያቀያየሩ ቦታ መቆጠብ ይቻላል። እዚህ ግን አይቻልም፤ ስለዚህ ጨርቅ ጨመር አድርጋችሁ ግዙ። የሚሸጡ ፓተርኖች (ልብሱ የሚቆረጥባቸው የወረቀት ቅርጾች) ፖስታ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት የጨርቅ መጠን ይጻፋል፤ ጸጉር ላለው ጨርቅ የተጻፈውን ያዙ።

አቅጣጫውን መለየት። ጨርቁን ዘርጉና በመዳፋችሁ ከቁመት ዳሩ (ከማይተረተረው ጠርዝ) ትይዩ ዳብሱት። ለስለስ ብሎ የሚተኛበት ጸጉሩ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ሸከር ብሎ እጅን የሚይዝበት ተቃራኒው ነው። ኮርዶሮይ አንዳንዴ ስለሚያታልል ከጫፉ ሁለት ቁራጭ ቆርጣችሁ፣ አንዱን ገልብጣችሁ ጎን ለጎን መስኮት አጠገብ አቁሟቸው። ልዩነት ካላቸው ዓይን አይስተውም። የሚያብረቀርቅ ሳቲንንና ሥዕሉ ወደ አንድ ወገን ብቻ የቆመ ጨርቅንም እንዲሁ ፈትሹ፤ ጸጉር ባይኖራቸውም አቅጣጫ አላቸው።

ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች? ለከፋይ እኔ ጸጉሩ ወደ ላይ እንዲሄድ እመርጣለሁ፤ ቀለሙ ይሞላል። ብዙ የሚታሸት የኮርዶሮይ ሱሪ ግን ወደ ታች ቢሆን ይሻለዋል። ረጅም ጸጉር ያለው ፈር ያለ ጥርጥር ወደ ታች። ከወሰናችሁ በኋላ ከጨርቁ ጀርባ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በጠመኔ ቀስቶች አድርጉ። ከተቆረጡ በኋላ ትናንሾቹ ቁራጮች፣ በተለይ ኮሌታና ኪስ፣ ራሳቸውና እግራቸው አይለይም። ቀስቱ ያኔ ነው የሚያድናችሁ።

መቁረጥ። ጨርቁን በቁመቱ፣ ማለትም የቁመት ዳርና ዳሩን አገናኝታችሁ ካጠፋችሁት የሁለቱም ንብርብር ጸጉር ወደ አንድ ይሄዳል፤ ችግር የለውም። በወርዱ፣ ማለትም የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች አገናኝታችሁ ካጠፋችሁት ግን የላይኛው ንብርብር ይዘቀዘቃል። ያኔ እጥፋቱ ላይ ቆርጣችሁ የላይኛውን ሳትገለብጡት ዙሪያውን አዙሩት፤ ራሱ የነበረበት እግሩ ይሆናል። ፊትና ፊቱ ከተገናኘ ጸጉሩ እየተያያዘ ስለሚያንሸራትት ጸጉሩን ወደ ውጭ አድርጋችሁ እጠፉት። ወፍራም ከሆነ በአንድ ንብርብር ብቻ ቁረጡ፤ ግን ሁለተኛውን እጅጌ ስትቆርጡ ፓተርኑን መገልበጥ እንዳትረሱ፣ አለዚያ ሁለት የግራ እጅጌ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ፈርን ደግሞ ከጀርባው በምላጭ ጫፍ ጸጉሩ የቆመበትን መሠረት ጨርቅ ብቻ ቁረጡ። በመቀስ ከሆነ ጸጉሩ አብሮ ይታጨዳል።

መስፋት። ከፋይ ከማሽኑ እግር ሥር ይሸሻል። አንዱ ንብርብር ቀድሞ ሄዶ ጫፍና ጫፉ ሳይገጥም ይቀራል። ስፒል ብቻውን አይበቃውም፤ መጀመሪያ በእጅ ላላ ባለ ስፌት ያዙት። ስፒሉንም ለስፌት በተተወው ትርፍ ላይ ብቻ ውጉ፣ ፊቱ ላይ ምልክት ይተዋል። ከዚያ ጸጉሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ስፉ፤ ጸጉሩ ወደ ላይ ከሆነ ከታችኛው ጠርዝ ወደ ወገብ ማለት ነው። የስፌቱን ርዝመት 3 ሚሊሜትር ገደማ አድርጉ፣ የእግሩን ጫና ቀንሱ። መጀመሪያ ግን ብጣሽ ላይ ሞክሩት።

መተኮስ። ካውያ ከፋይ ላይ በቀጥታ ካረፈ ጸጉሩ ይደፈጠጣል፣ የካውያው ቅርጽም ታትሞ ሊቀር ይችላል። ወፍራም ፎጣ ወይም የዚያኑ ከፋይ ብጣሽ ጸጉሩን ወደ ላይ አድርጋችሁ አንጥፉ። ልብሱን ፊቱን ወደ ታች አስተኙበት። ካውያውን ከፍ አድርጋችሁ እንፋሎቱን ብቻ ልቀቁበት፤ የስፌቱን ትርፍ በጣታችሁ ወደ ግራና ቀኝ ክፈቱት። እርጥበቱ እስኪደርቅ አታንሱት። በስፌቱ የተያዘ ጸጉር ካለ በመርፌ ጫፍ ከፊት በኩል እየጎተታችሁ አውጡት፤ ፈር ላይ በተለይ መጋጠሚያው ከነአካቴው ይጠፋል።