አሮጌ የፓምፕ ጠብመንጃ ስታድሱ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠበቁ

አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ አጋዘንን በከፊል አውቶማቲክ ጠብመንጃ ማደን ክልክል ነው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መተኮስ የሚፈልግ አዳኝ ፓምፕ ይይዛል። ከበርሜሉ ስር ያለውን የእጅ መያዣ ሳብ ያደርጋል፣ ቀለሁ ይወጣል። ገፋ ያደርጋል፣ ሌላ ጥይት ይገባል። ሬሚንግተን 760 በዚያ አካባቢ ከመብዛቱ የተነሳ «የአሚሾች መትረየስ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ አሚሾች ከዘመናዊ መሣሪያ የሚርቁ የዚያ አካባቢ ሃይማኖተኞች ናቸው።

ችግሩ ጠብመንጃዎቹ አርጅተዋል። 760 የተሠራው ከ1952 እስከ 1981 ነው። የእሱ አያት የሆነው ሞዴል 14 ገበያ የወጣው በ1912 ነው፤ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። የአንዳንዶቹ ጥይት ከሱቅ ጠፍቷል። ያኔ ሰው «በርሜሉን በሌላ ጥይት ልክ ላስቦረቡረው» ማለት ይጀምራል። እኔም ብዬ ነበር። በእጄ ያለው .30 ሬሚንግተን በሚባል ጥይት የሚሠራ ሞዴል 14 ነው። ያዳኑኝ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ቶርኖ ላይ የቆሙ አንድ ጋሼ ናቸው።

(የሬሚንግተን ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1875 እና በ1876 ጉንደትና ጉራ ላይ የተሸነፈው የግብፅ ጦር ይዞት የመጣው ሬሚንግተን ነበር። ብዙው በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ቀርቷል። ያ ግን አንድ አንድ የሚጎርስ ነበር እንጂ ፓምፕ አልነበረም።)

«ጥይቱ ገባ፣ ልኩ ነው»

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ጋሼ ሲሰሙኝ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ጫማም በግድ ይገባል» አሉኝ።

አሮጌ ጠብመንጃ ብዙ እጅ አልፏል። ከ50 ዓመት በፊት አንዱ ቦርቡሮት፣ በርሜሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀይር ሊሆን ይችላል። ጽሑፉን አትመኑ፣ ውስጡን ለኩ። ለዚህ ሴሮሴፍ የሚባል ቶሎ የሚቀልጥ ብረት አለ። ከ70 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ ሻይ ከምናፈላበት ሙቀት በታች ነው። ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል፣ ማለትም ቻምበሩ ውስጥ ታፈሱታላችሁ፣ ሲረጋ ታወጡታላችሁ። እዚህም ላይ የሚቸኩል አለ። ብረቱ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይሸበሸባል፣ ቀስ ብሎ ደግሞ ይሰፋል። የቻምበሩን ትክክለኛ ልክ የሚሰጠው ሰዓት ገደማ ሲሆነው ነው። በአሥር ደቂቃ ለክታችሁ «ጠባብ ነው» ካላችሁ ተሳስታችኋል።

ካቻቢቴና ሞርሳ

በቤት ካቻቢቴ የአሮጌ ጠብመንጃ ብሎን አትንኩ። የቤቱ ካቻቢቴ ጫፉ ሾጣጣ ነው። የብሎኑን አፍ ቀድሞ ይበላዋል፤ ከዚያ ወዲያ ብሎኑ አይወጣም። አፉን ሙሉ በሙሉ የሚሞላ፣ ጎንና ጎኑ እኩል የሆነ ካቻቢቴ ይፈለግ። ብሎኑ እንቢ ካለ ዝገት የሚያላላ ዘይት ነክራችሁ አሳድሩት። ሁለት ሌሊትም ይደር፤ መቶ ዓመት የቆየ ነገር ነው።

ሞርሳው ግን ከዚህ ይብሳል። የሞዴል 14 የጥይት ቱቦ ከበርሜሉ ስር የተኛ ነው። እንደ ጥምዝ ገመድ የተጠማዘዘ ሆኖ ታዩታላችሁ። መጀመሪያ ሳየው ለጌጥ መስሎኝ ነበር። ጆን ፔደርሰን የሚባለው ንድፍ አውጪ ያመጣው ብልሃት ነው። በቀጥተኛ ቱቦ ውስጥ ጥይቶች አንዱ ከሌላው ኋላ ይሰለፋሉ። የኋለኛው ጥይት ሹል እርሳስ የፊተኛውን ካፕሱል፣ ማለትም ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን፣ ይነካል። ጠብመንጃው ሲረግጥ ያ ሹል ካፕሱሉን መትቶ ቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል። የፔደርሰን ቱቦ ጥምዝ ግን ጥይቶቹን ትንሽ አዘንብሎ ይይዛቸዋል። ሹሉ ካፕሱሉን ይስተዋል።

አሁን ያን ቱቦ ሞርሳ ላይ አስራችሁ ብታጠብቁት ምን ይሆናል? ስስ ቆርቆሮ ነው፣ ወዲያው ይሰረጉዳል። አንዲት ስርጉድ ጥይቱን ታስቆማለች። በዚያ ላይ ቱቦው ከእጅ መያዣው ጋር ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድ ስለሆነ ፓምፑም ይንቀራፈፋል። በሞርሳ የምታስሩት ነገር ካለ በቆዳ ወይም በእንጨት ጠቅልሉት። ቱቦውን ግን ጨርሶ ሞርሳ ውስጥ አታስገቡት።

የጥይት ዝምድና

እኔን ያሳሳተኝ ይሄ ነው። .30 ሬሚንግተን በጉልበት ከ.30-30 ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። .30-30 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የትም ይገኛል። ታዲያ ለምን አልቀይረውም?

ሁለቱን ቀለሆች ጋሼ ጠረጴዛ ላይ አጠገብ ለአጠገብ አቆሟቸው። የ.30-30 ቂጥ ከንፈር አለው፣ እንደ ባርኔጣ ጠርዝ ወጣ ይላል፤ ስፋቱ 0.506 ኢንች ነው። የ.30 ሬሚንግተን ቂጥ ግን ከገላው ጋር እኩል ነው፣ 0.422 ኢንች። ስለዚህ መቀርቀሪያው ፊት አይቀበለውም፣ ቀለሁን የሚስበው ጥፍር አይይዘውም፣ ጥይት የሚያነሳውም ክፍል ይጣበቃል። ቻምበር መቦርቦር ብቻ ሳይሆን ግማሽ ጠብመንጃ መሥራት ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። 6.8 ኤስፒሲ የሚባለው ዘመናዊ ጥይት የተወለደው ከዚሁ ከ.30 ሬሚንግተን ቀለህ ነው። ቂጡ ይገጥማል። አንዳንዱ «እሰይ!» ይላል። ነገር ግን የ6.8 እርሳስ 0.277 ኢንች ሲሆን የእኔ በርሜል ለ0.308 የተሠራ ነው። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ እየተንገዋለለ ይወጣል። ግፊቱም ለመቶ ዓመት ብረት አይሆንም።

ብረቱ የማይችለውን መጫን

በ.35 ሬሚንግተን የሚሠራ ሞዴል 14 ወይም ተከታዩ 141 ያላቸው ሰዎች .358 ዊንቸስተርን ይመኛሉ። የሁለቱ እርሳስ ስፋት አንድ ነው፣ መቦርቦሪያው ሰተት ብሎ ይገባል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የ.35 ሬሚንግተን ከፍተኛ ግፊት 33,500 ፒኤስአይ (በካሬ ኢንች የሚያርፍ ፓውንድ) ነው። .358 ዊንቸስተር ግን የ.308ን አንገት አስፍተው የሠሩት ነው፣ .308 ደግሞ እስከ 62,000 ይደርሳል። አሮጌው መቀርቀሪያ ይህን እንዲሸከም አልተሠራም። ቢሸከም እንኳ አንድ ቀን ፊታችሁ ላይ ይለቀዋል።

የሚሆነውንም ልንገራችሁ። በ.300 ሳቬጅ የተሠራ 760 ወደ .308 ቢቀየር ያስኬዳል። አንደኛ፣ 760 ራሱ ከፋብሪካው በ.308 ይሸጥ ነበር፤ ብረቱ ይችላል። ሁለተኛ፣ የ.308 ቻምበር የ.300 ሳቬጁን በሁሉም በኩል ይውጠዋል። አሮጌው ቅርጽ የትም አይተርፍም። መመዘኛው ይህ ነው። አዲሱ ቻምበር ከአሮጌው በአንድ በኩል እንኳ ካነሰ መቦርቦር ብቻውን አይበቃም። በርሜሉ ከኋላ ተቆርጦ እንደገና ጥርስ ይወጣለታል፤ ያ የቶርኖ ሥራ ነው።

አንድ ወረቀት

ቻምበር ሲቦረቦር ልኩ የሚታወቀው በብረት መለኪያ ነው። ለ.308 «ሂድ» የሚባለው 1.630 ኢንች ነው። መቀርቀሪያው በእሱ ላይ መዘጋት አለበት። «አትሂድ» የሚባለው 1.634 ነው። በእሱ ላይ መዘጋት የለበትም። ልዩነቱን አስሉት፤ 0.1 ሚሊሜትር ነው፣ የአንድ ነጠላ ወረቀት ውፍረት። ሰው መቦርቦሪያውን አንዴ ዞር አድርጎ ያልፈዋል። ያለፈ ብረት ደግሞ አይመለስም። ቻምበሩ ከረዘመ ቀለሁ ሲተኮስ ይለጠጣል፣ ቂጡ ሊበጠስ ይችላል፣ የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል።

ብዙ ሰው «ሂድ» የሚለውን ብቻ ገዝቶ ይበቃኛል ይላል። አይበቃም። ሲለኩም ፓምፑን በኃይል መግፋት አለ። የፓምፕ ጉልበት መለኪያውን በግድ ያስገባና ያሳስታል። መርፌውንና ጥፍሩን አውጥታችሁ በጣት ብቻ ግፉት።

ቦርቡረው ሲጨርሱ ግድግዳውን ሻካራ አድርጎ መተውም የፓምፕ ልዩ ጣጣ አለው። ባለ እጄታ መቀርቀሪያ ያለው ጠብመንጃ ቀለሁን ጠምዝዞ ይነቅለዋል። ፓምፕ ቀጥታ ነው የሚስበው፣ ያ ጉልበት የለውም። ቻምበሩ ትንሽ ከሻከረ ቀለሁ ይነክሳል፣ አጋዘኑ ቆሞ እያያችሁ እናንተ ትታገላላችሁ።

ጥቃቅኖቹ

የ760 የእጅ መያዣ ይንኳኳል። ሲወለድም እንደዚያው ነው። ጨርቅ ወይም ሙጫ ካስገባችሁበት ፓምፑ ይደርቃል።

ብረቱን ፈግፍጎ እንደ አዲስ ማጥቆርም አለ። ያምራል፣ ግን ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ፣ ሰብሳቢም ዋጋውን ይቆርጥባችኋል።

ጥይት መጉረስና መትፋቱን ሳሎን ውስጥ በእውነተኛ ጥይት የሚሞክር ሰው ዛሬም አለ። ለዚህ ባሩድም ካፕሱልም የሌለው የውሸት ጥይት ይሸጣል። የመጀመሪያው እውነተኛ ተኩስም ትከሻ ላይ አይደረግም። ጠብመንጃው ታስሮ፣ ቃታው ከመከለያ ጀርባ በገመድ ይሳባል። ከዚያ ቀለሁ ይታያል። ቂጡ አካባቢ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካለ ሥራው አልተሳካም።

ሕጉን ችላ ማለትም ያስጠይቃል። አሜሪካ ውስጥ የራስን ጠብመንጃ መጠገን አንድ ነገር ነው፣ ለሰው እየጠገኑ ገንዘብ መቀበል ግን የፌዴራል ፈቃድ ይጠይቃል። አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ ነገሩ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው (ይሄ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ ከዚህ ጽሑፍ ተነስታችሁ ምንም አትንኩ።

ስሙን ሳይቀይሩ መተው

ቻምበሩ ከተቀየረ የድሮው ስም በርሜሉ ላይ ይሰረዝ፣ አዲሱ ይመታ። ስም ብቻውን ምን ያህል እንደሚያምታታ ሬሚንግተን ራሱ አይቶታል። በ1979 .280 የሚባለውን ጥይት «7 ሚሊሜትር ኤክስፕረስ» ብሎ ሰየመው። ገዢው 7 ሚሊሜትር ማግነም ከሚባለው ሌላ ጥይት ጋር ይቀላቅለው ጀመር። ብዙ ሳይቆይ ወደ .280 መለሱት።

ሞዴል 14 ላይ ይሄ ይከብዳል። ፋብሪካው በግራ ጎኑ የእውነተኛ ቀለህ ቂጥ ቆርጦ ብረቱ ውስጥ ቀብሮበታል፣ ጠብመንጃው የሚበላው ጥይት እንዲታወቅ። እንደ ትንሽ የናስ ሳንቲም ነው። በርሜሉን ብትቀይሩም እሱ የድሮውን ስም ይናገራል። ጋሼ አውራ ጣታቸውን አስቀምጠውበት «ይሄንንስ ምን ልታደርገው ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቱቦውን አጽድቼ፣ የላሉትን ብሎኖች አጥብቄ፣ ሞላውን ቀይሬ መለስኩት። የ.30 ሬሚንግተን ጥይት ሳገኝ አንድ ሁለት ካርቶን እገዛለሁ። ለአንድ የአደን ወቅት አምስት ጥይት ይበቃኛል።