ሰዓት ከሚያዛውሩ አገሮች ጋር ከጅማ ሆኖ ቀጠሮ ለመያዝ

ከጅማ ቡና የሚልክ ነጋዴም ሆነ ባሕር ማዶ ያለ ልጁን በስልክ የሚያነጋግር ወላጅ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጠሮው የሚዛባበት የእነዚያ አገሮች ሰዓት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚዛወር ነው፤ የእኛ ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም። በጅማ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ስለሆነ፣ ሰዓት በማዛወር የሚተርፍ ብርሃን የለም። በጀርመኗ ሃምቡርግ ግን ቀኑ በጁን ወደ 17 ሰዓት ይረዝማል፣ በዲሴምበር ወደ 7 ሰዓት ተኩል ያጥራል፤ ሰዓቱን ወደ ፊት መግፋት የማለዳውን ትርፍ ብርሃን ወደ ምሽት ያሸጋግራል።

በቅድሚያ ሰዓቱ የሚዛወርባቸውን ቀናት ይያዙ። አውሮፓውያን በማርች የመጨረሻ እሑድ በ1 ሰዓት ወደ ፊት ይገፉና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይመልሱታል። አብዛኛው አሜሪካ ግን ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ በማርች ሁለተኛ እሑድ ጀምሮ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ያበቃል። በመሆኑም በማርች ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት፣ በኦክቶበር መጨረሻ ደግሞ ለአንድ ሳምንት የሁለቱ አቆጣጠር ስለማይገጥም፣ ከሁለቱም ጋር በአንድ ስብሰባ የሚገናኝ ሰው ይበልጥ ሊጠነቀቅ ይገባል።

ስሌቱ በእኛ አቆጣጠር፣ እንዲያውም፣ ይቀላል። የኒውዮርክን ሰዓት ለማግኘት ከጅማው ላይ 2 ይቀንሱ፤ እነርሱ ወደ ፊት በገፉባቸው ወራት 1 ብቻ። እዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን እዚያ በእነርሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ለሃምቡርግ 4 ይደምሩ፣ ወደ ፊት ሲገፉ 5፤ ድምሩ ከ12 ካለፈ 12 ይቀንሱ። የእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት በዚያ ከቀኑ 2 ወይም 3 ሰዓት ይሆናል።

በየሳምንቱ ለሚደረግ ጥሪ ደግሞ የማን ሰዓት እንደሚጸና አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። የሃምቡርግ ከቀኑ 3 ሰዓት ከጸና፣ በጅማ በክረምታቸው 11 ሰዓት የነበረው ጥሪ ከማርች መጨረሻ በኋላ 10 ሰዓት ይሆናል። በስልክ ሲመዘግቡም የሰዓት ክልሉ በርሊን እንዲሆን ያድርጉ፤ ለውጡን ስልኩ ራሱ ያሰላል።

የሪያድ የሰዓት ክልል ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ዱባይ ሁልጊዜ በ1 ትቀድማለች። የአሜሪካዋ ክፍለ ግዛት አሪዞናም፣ ከናቫሆ ሕዝብ ግዛት በቀር፣ ሰዓት አያዛውርም፤ በሙቀት ለሚቃጠል አገር ፀሐይ ዘግይታ እንድትጠልቅ ማድረግ ጥቅም ስለሌለው ነው። በአሪዞናዋ ከተማ ፊኒክስ ላለ ዘመድ የሚደውል ሰው በየትኛውም ወር 4 መቀነስ ይበቃዋል።