ጋራዥ ውስጥ የተተከለ ልብስ ማጠቢያ ውሃ አልሞላ ሲል

የጋራዡን የኋላ ጥግ በብሎኬት ከፍለን ልብስ ማጠቢያ አደረግነው። ማሽኑ ግን ውሃ ይስባል እንጂ አይሞላም፤ ሮቶው ይጎድላል፣ መውረጃው ይንሿሿል። ቴክኒሻኑ "የውሃ ማስገቢያው ቫልቭ ሄዷል፣ ይቀየር" አለ። አልተዋጠልኝም።

ጥፋቱ የፍሳሽ ቱቦው ጋ ነበር። ጫፉ ወለሉ ላይ ካለው መውረጃ ስለተሰካ ከከበሮው በታች ሆኖ የገባውን ውሃ እዚያው ስቦ ያወርደዋል። ባለ 50 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ (ፕላስቲክ) ቧንቧ ግድግዳው ላይ አቁሜ የፍሳሽ ቱቦውን 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ ከላይ አስገባሁት። የቧንቧውን አፍ በሲልኮን እንዳትደፍኑት፤ አየር ካላገኘ መሳቡ ይመለሳል። ከታች ሲፎን (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግድ ጎባጣ ቱቦ) ስገጥምለት ሽታውም ጠፋ። (ባለቤቴ መኪናው የት ይቆማል እያለች ነው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

የማሽኑን ሶኬት ከአምፖል መስመር አትቀጥሉ፤ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ የራሱ 16 አምፔር ብሬከር ይኑረው።