ከአርበኛ አያት የተረፈን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ጠግኖ ለእይታ ማስቀመጥ

በጎጃም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከጣሊያን ጦር ከተማረኩት መሣሪያዎች መካከል ቦዴዮ የተባለው፣ ሞዴሉ በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 10.35 ሚሊሜትር ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ይገኝበታል። ለመኮንን የተሠራው ዓይነት በምላጩ ዙሪያ መከላከያ ቀለበት ሲኖረው፣ ለተራ ወታደር የተሠራው ግን ቀለበት የለውም፤ ምላጩም ይታጠፋል።

አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን ስለሚከለክል፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የፈቃዱ ጉዳይ ማለቅ አለበት። ከዚያም የጎኑን በር ከፍቶ የጥይት ቋቱን እያዞሩ ስድስቱንም ጉድጓዶች አንድ በአንድ በዓይን ማየት ያስፈልጋል። የዛገ ጥይት ተጣብቆ ከተገኘ መደብደብም ሆነ ማሞቅ አይገባም፤ ለባለሙያ ይሰጥ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው ራስን የመግታት ሥራ ነው። ብረቱን በነጭ የጥጥ ጨርቅ ሲያብሱት ቀይ ዱቄት ከወጣ ዝገቱ ገና እየበላ ነው፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ብረቱ ልስልስና ጠቆር ያለ ከሆነ ግን ያ የዕድሜው ቆዳ ስለሆነ ሊነካ አይገባም። ቀዩን ዝገት ለማንሣት ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ቀብቶ ማሳደር፣ በማግስቱም ከብረት በሚለሰልስ ነገር፣ ለምሳሌ በጃንሆይ ዘመን የመዳብ ሳንቲም ጠርዝ፣ በቀስታ መፋቅ ይበቃል። በአመድና በአሸዋ የሚፈትጉ፣ በሎሚ የሚዘፈዝፉ ሰዎች ብረቱን ያብለጨልጩታል፤ ነገር ግን አሲዱ የፋብሪካውን ጥቁር ቅብ ይበላል፣ አሸዋውም የተቀረጸውን ቁጥርና ማኅተም ያጠፋል። ቅቤና የኑግ ዘይትም አይበጁም፤ ኑግ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይጠነክርና የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ያጣብቃል።

በአንጻሩ እንዲህ ያለው የመድረቅ ጠባይ ለእንጨት ስለሚስማማ፣ የደረቀው እጀታ ጥቂት ጠብታ የተልባ ዘይት በጨርቅ ሊቀባ ይችላል። ጨርቁ ግን ተጨማድዶ ቢጣል ራሱን አሙቆ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ተዘርግቶ ውጭ ይድረቅ። አያት በእጀታው ላይ መስቀል ቀርጸው ከሆነ፣ ያንን ሞልቶ ማለስለስ ከዝገቱ የባሰ ጉዳት ነው።

ለእይታ ሲቀመጥ በቁልፍ በሚዘጋ የመስታወት ሣጥን፣ በታጠበ ነጭ አቡጀዲ ላይ ይሁን። ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ማኅደሩ ከጎኑ ይቀመጥ እንጂ ሽጉጡ ውስጡ አይደር። የጎጃም ክረምት ከባድ ስለሆነ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል በሣጥኑ ማእዘን ማኖር፣ ከሰኔ እስከ መስከረምም በየሁለት ሳምንቱ ከፍቶ ማየት ይገባል፤ የጣት ላብ ጨው ስላለው በጓንት ይነካ። በመግለጫ ወረቀቱ ላይ የሽጉጡ ዓይነት፣ ቁጥሩና የያዘው ሰው ስም ይጻፍ፤ የተማረከበት ቦታ ግን የሚጻፍ በቤተሰቡ በእርግጥ የሚታወቅ ከሆነ ብቻ ነው።