ሉፐስ ጋብ ሲል የሚፈጸሙ ስህተቶች

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ባዕዱንና የራሱን መለየት ተስኖት ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ደምን፣ ኩላሊትንና ሌሎች የአካል ክፍሎችን የሚያጠቃበት፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሥር የሰደደ ሕመም ነው። ከ10 ታማሚዎች 9 ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹን የሚጀምራቸውም በመውለጃ ዕድሜያቸው ነው። ሕመሙ ያገረሻል፣ ደግሞ ጋብ ይላል። እንደ እኔ አመለካከት ከባዶቹ ስህተቶች የሚፈጸሙት ሕመሙ በበረታበት ሰሞን ሳይሆን ጋብ ብሎ ታማሚዋ «ዳንኩ» ባለችበት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ግን ከዚያ ይቀድማል፤ እርሱም አንድን የደም ምርመራ እንደ መጨረሻ ፍርድ መቀበል ነው። ኤኤንኤ የሚባለው፣ በገዛ ሴሎች ላይ የሚነሡ አንቲቦዲዎችን (የመከላከያ ፕሮቲኖችን) የሚፈልገው ምርመራ በሉፐስ ታማሚዎች ሁሉ ላይ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ምንም ሕመም በሌለባቸው ሰዎችና በሌሎች በሽታዎችም ላይ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ ኔጌቲቭ ሲሆን ሉፐስን ለመጠራጠር ምክንያቱ በእጅጉ ይቀንሳል፣ ፖዘቲቭ ሲሆን ግን ብቻውን ሉፐስ አያሰኝም። ሐኪሙ ምልክቶቹን፣ የሽንቱን ምርመራ፣ የደም ሴሎችን ቁጥርና ለሉፐስ ይበልጥ የተለዩ አንቲቦዲዎችን አንድ ላይ አገናዝቦ ነው የሚወስነው።

ሁለተኛው «የመከላከል አቅምን ያጎለብታሉ» የሚባሉ እንክብሎችንና ዕፀዋትን በራስ ፈቃድ መውሰድ ነው። የሉፐስ ችግር አቅም ማነስ አይደለም፤ መከላከያው አቅሙን በገዛ አካሉ ላይ ማዋሉ ነው። በዚህ ላይ ማበረታቻ መጨመር ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚበዛው፣ ደኅና ሆንኩ ብሎ ለሉፐስ በቋሚነት የሚታዘዘውን ሃይድሮክሲክሎሮኪንን ማቋረጥ ነው። ይህ መድኃኒት ሥራውን የሚጀምረው ቀስ ብሎ፣ በሳምንታትና በወራት ነው፤ ሲቋረጥም ጉዳቱ በማግሥቱ ስለማይታይ ታማሚዋ ያለ እርሱ መኖር የምትችል ይመስላታል። በ1991 እ.ኤ.አ. በካናዳ የታተመ ጥናት ሕመማቸው የተረጋጋ 47 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ መድኃኒቱ ተወስዶባቸው በምትኩ ባዶ እንክብል የተሰጣቸው ሰዎች ሕመሙ የማገርሸት ዕድሉ ከቀጠሉት በ2.5 እጥፍ በልጦባቸው ተገኝቷል። ብዙዎች የሚያቋርጡት ዓይን ያጠፋል የሚል ወሬ ሰምተው ነው። ወሬው ከመሬት አልተነሣም፤ መድኃኒቱ ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ ሬቲናን፣ ማለትም ብርሃን ተቀባዩን የዓይን ክፍል፣ ሊጎዳ ይችላል። መፍትሔው ግን መተው ሳይሆን መጠኑን መጠበቅ ነው፤ በቀን ከ5 ሚሊግራም በኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ይህ 300 ሚሊግራም ይሆናል፤ እንክብሉ 200 ሚሊግራም ከሆነ ሐኪሙ አንድ ቀን አንድ፣ በማግሥቱ ሁለት እንድትወስድ ሊያዝላት ይችላል። ሲጀመር አንድ ጊዜ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ዓይንን መመርመር ያስፈልጋል፤ የኩላሊት ችግር ካለ ክትትሉ ይቀድማል።

አራተኛው ፕሬድኒሶሎን ከሚባለው ስቴሮይድ ጋር የሚፈጸመው ስህተት ሲሆን ሁለት መልክ አለው። በፍጥነት ስለሚያሻል ይወደዳል፣ ፊትን ስለሚያሳብጥ ደግሞ ይጠላል፤ ስለዚህ አንዳንዶች ያለ ትእዛዝ ያራዝሙታል፣ ሌሎች በአንድ ቀን ይጥሉታል። ለሳምንታት የተወሰደ ስቴሮይድ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረቱን እንዲያቆም ስለሚያደርግ፣ በድንገት ሲቋረጥ ሕይወትን እስከማስጋት የሚደርስ ድካምና የደም ግፊት መውረድ ሊያስከትል ይችላል። በሐኪም እየታየ ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ከተቻለም በቀን 5 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በታች ማድረስ ነው የሚፈለገው።

አምስተኛው ሕመም ስላልተሰማ ኩላሊቱ ደኅና ነው ማለት ነው። የሉፐስ የኩላሊት ጉዳት በጅምሩ አያምም። ቶሎ የማይጠፋ የሽንት አረፋ፣ ጠዋት የሚያብጥ የዓይን ቆብ፣ ማታ ካልሲ ሲወልቅ ቁርጭምጭሚት ላይ ጎድጉዶ የሚቀር ምልክት ዘግይተው የሚመጡ መልእክተኞች ናቸው፤ ከእነርሱ አስቀድሞ የሚናገረው በየቀጠሮው የሚደረገው የሽንት ፕሮቲን ምርመራና የደም ግፊት ልኬት ነው። ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት ሐኪም ሳያማክሩ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ማዘውተርም የተጎዳን ኩላሊት ይበልጥ ይጎዳል።

ፀሐይን በተመለከተ ደመናን ወይም መስኮትን ማመን አይገባም፤ ሉፐስን ከሚቀሰቅሰው ጨረር ከፊሉ መስታወትን አልፎ ይገባል። ትኩሳት ሲመጣም «የተለመደው ማገርሸት ነው» ብሎ የስቴሮይድን መጠን በራስ መጨመር አደገኛ ነው፤ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ትኩሳት ኢንፌክሽን አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ኢንፌክሽን መታየት አለበት።

የመጨረሻው እርግዝናን የሚመለከት ሲሆን፣ ስህተቱ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። አንዳንዷ ሉፐስ ያለባት ሴት መውለድ አትችልም ተብሎ ተስፋ ታጣለች፤ ሌላዋ ደግሞ ማርገዟን ስታውቅ መድኃኒቷን ሁሉ በአንድ ጊዜ ትጥላለች። ሕመሙ ቢያንስ ለ6 ወራት ጋብ ካለ በኋላ፣ በዕቅድ የተጀመረ እርግዝና አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ያልቃል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን በእርግዝና ጊዜም የሚቀጥል መድኃኒት ነው፤ መከላከያን የሚያዳክመው ማይኮፌኖሌት ግን ፅንስን ስለሚጎዳ ከመፀነስ ቢያንስ 6 ሳምንት አስቀድሞ በሌላ መድኃኒት መተካት ይኖርበታል። ስለዚህ ከሐኪም ጋር መነጋገር የሚገባው የወር አበባ ከቀረ በኋላ ሳይሆን የወሊድ መከላከያው ከመቆሙ በፊት ነው።