ከዳሽቦርዱ በፊት የቀን ሰንጠረዥ ሥሩ

ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ በዳታ ማኔጅመንትና ቢዝነስ ኢንተለጀንስ ማስተርስ ለምትማሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከሱቅ ወይም ከፋብሪካ የምትቀበሉት መረጃ ብዙ ጊዜ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነው። ዳሽቦርዱን፣ ማለትም መረጃውን በገበታ የሚያሳየውን ገጽ፣ የምንሠራበት የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ፓወር ቢአይ ግን ይህን አያውቅም። የካቲት 30 ቀን 2016ን 30/6/2016 ብላችሁ ስታስገቡ፣ የቀን አጻጻፉ ቀን/ወር/ዓመት ተብሎ የተዋቀረ ከሆነ፣ የፈረንጆች ጁን 30 ቀን 2016 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበላል። ትክክለኛው ግን ማርች 9 ቀን 2024 ነው። ስህተት አለ ብሎ ስለማይጮህ ነው አደገኛ የሚሆነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በኤክሴል ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ ሥሩ። ቁልፉ፣ ማለትም ሰንጠረዡን ከሽያጭ መረጃችሁ ጋር የሚያገናኘው ዓምድ፣ የፈረንጆቹ ቀን ይሁን። አጠገቡ የእኛን ቀን፣ ወር፣ ዓመትና የበጀት ዓመት ጨምሩ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ማለትም ጁላይ 8 እንደሚጀምር አትርሱ። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስለሆነች ከሌሎች ወራት ጎን ስትቆም ሽያጩ የወደቀ ያስመስላል። ከነሐሴ ጋር ትደመር ወይስ ለብቻዋ ትታይ የሚለውን ከአማካሪያችሁ ጋር ቀድማችሁ ወስኑ።

የከተማ ስምንም እዩ። በላቲን ሲጻፍ ኮምቦልቻን አንዱ በኬ፣ ሌላው በሲ ይጀምራታል። ካላስተካከላችሁት ሁለት ከተማ ሆና ትቆጠራለች።